ቃሪያን ያየ የለም

ልጁን የሥራ ባልደረቦቹ ቃሪያ ይሉታል። ከእግር ጥፍሩ እስከ አናቱ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ሲቆም፣ ገበያ ወጥቶ ገዢ ያጣ ቃሪያ ይመስላል።

የሚሠራበት ፊልም መድኃኒት ጠጥቶ ከሰው ዓይን የተሰወረ ሰውዬ ታሪክ ነው፤ ክፍል ሁለት። በክፍል አንድ ሰውዬው ተሰውሮ ጠላቶቹን ሲያሯሩጥ ከረመ። በክፍል ሁለት መመለሻው ጠፍቶበት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቆልፎበት ይጮኻል። ቃሪያ በተሰወረው ሰውዬ ቦታ ሆኖ በርጩማ ያነሳል፣ በር ይገፋል፣ ሰው ያንቃል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ጠርጎ ያጠፋውና በርጩማው ብቻውን ሲበር ይታያል።

ክፍል አንድን ያላየ ሰው የለም። ቃሪያን ያየ ግን አንድም የለም። እናቱ ብቻ ሲኒማ ቤት ገብታ፣ "ያ በርጩማ የኔ ልጅ ነው" እያለች አጠገቧ የተቀመጠውን ሁሉ ስታስቸግር ከረመች።

እናትየው እዚያው ፊልም ሥራው ላይ ልብስ ሰፊ ናት። አረንጓዴውንም የሰፋችው እሷ ናት።

ዳይሬክተሩ አንድ ሕግ አለው። መሪ ተዋናይዋ ዓይኗ ወደ ቃሪያ እየሸሸ ቀረጻ ስላበላሸችበት፣ ልብሱ ከተለበሰ እስኪወልቅ ድረስ ቃሪያን ማየት፣ ሰላም ማለት፣ መልስ መስጠት ክልክል ነው። ያየ ይባረራል። ይህን ሕግ በማክበር ከሁሉ የባሰው በረኛው ነው። አንድ ቀን ቃሪያ እግሩን ቢረግጠው፣ "እህ፣ ዛሬ ደግሞ ነፋሱ ጫማ አድርጓል" አለ።

ሌላ ቀን ደግሞ የጠዋቱ ቀረጻ ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ። ሁሉም ለምሳ ወጣ። ቃሪያ ልብሱን እንድታወልቅለት ከእናቱ ጋር ቀረ። የቀረጻው ክፍል በር ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው። ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተለብጧል። የቃሪያ ስልክና ሱሪ ውጭ፣ መልበሻ ክፍል ናቸው።

"እማዬ፣ ቶሎ በይ። ጉዳይ አለኝ።"

"የምን ጉዳይ?"

"ጉዳይ ነዋ።"

ዚፑ ከአናቱ ተነስቶ በጀርባው እስከ ወገቡ ይወርዳል። ሳበችው፣ እምቢ አለ። ሳሙና ቀባችው፣ በሻማ አሸችው፣ መከረችው፣ ረገመችው። ዚፑ እንዳኮረፈ አማች ንቅንቅ አላለም።

"ቅደጂው በቃ።"

"ያለው ልብስ ይሄ ብቻ ነው። ደግሞ መቀሴ ደንዟል።"

"ትናንት ጨርቁን እንደ ወረቀት ስትሸልቺበት አልነበር?"

"ለዚያ ነዋ የደነዘው።"

"እሺ ስልክሽን ስጪኝ፣ ለአንዱ ልደውል።"

"ቤት ቻርጅ ላይ ረሳሁት።"

ስልኳን ትራስ አድርጋ የምትተኛ ሴት ናት። ቃሪያ እርጅና መጣባት ብሎ አዘነላት።

በሩ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት መስታወት አለች። በረኛው ከውጭ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ቃሪያ መስታወቷን ደበደበ፣ እጁን አወናጨፈ፣ ዘለለ። በረኛው ቀና አለና በቃሪያ ግንባር ውስጥ አልፎ የኋላውን ግድግዳ አየ። ከዚያ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ቃሪያ መሬት ላይ ተኝቶ አፉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋ። "ወንድሜ፣ ስለ እናትህ ክፈትልኝ።"

በረኛው ማፏጨት ጀመረ።

"እማዬ፣ አንቺ ንገሪው። አንቺን ያያል።"

እናትየው ጉልበቷን እያማረረች ተንበረከከች። በበሩ ስር ብዙ አንሾካሾከች። ቃሪያ ጆሮው በጨርቅ ስለተሸፈነ የሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። በመስታወቷ ግን በረኛው ራሱን ከላይ ወደ ታች ሲነቀንቅ አየ።

"እሺ አለ?"

"እሺ ያለውስ ዳይሬክተሩን ነው። እስክመለስ ማንም እንዳይወጣ ብሎታል።"

"ዳይሬክተሩ ጉዳዬን ሰምቷል ማለት ነው። አውቆ ነው ያስዘጋብኝ።"

"ይሆናል። የሰው ልብ በምን ይታወቃል? አይዞህ ልጄ፣ አውቶቡስ እንደሆነ መዘግየት ልማዱ ነው።"

ቃሪያ መንጎራደድ ያዘ። አሥር እርምጃ፣ ስፖንጅ። አሥር እርምጃ፣ ስፖንጅ። ላቡ ከአናቱ ተነስቶ፣ መውጫ ስላጣ፣ ካልሲው ውስጥ ገብቶ ይንቦጫረቃል። ክፍሉ እየጠበበ የመጣ መሰለው። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን እናቱ አጠገብ ዘጭ አለ።

"ልንገርሽ በቃ። በዘጠኙ አውቶቡስ ልሄድ ነበር። በቀን አንድ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ከተማ ያለ ዳይሬክተር ጠርቶኛል። ፊቴ የሚታይበት ሚና ነው፣ እማዬ። ነገ ጠዋት ካልደረስኩ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።"

"ለስንት ቀን ነው?"

"እዚያው ልኖር ነው። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው የደበቅኩሽ።"

እናትየው ዚፑን ትታ ትከሻውን ዳበሰች።

"ምን ፊት ፊት ትላለህ? እኔ አይቼህ የለ?"

"አንቺ ብቻ ነሻ።"

"እና እኔ ከሰው አልቆጠርም?"

ይህን ብላ ወደ ዚፑ ተመለሰች። ቀስ አድርጋ ትስበዋለች፣ ቀስ አድርጋ ትለቀዋለች።

ከመንገዱ ማዶ ካለው መናኸሪያ የአውቶቡስ ጥሩንባ ጮኸ። ድምፁ በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ገባ። ሁለቴ ጮኸ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ቃሪያ በጨርቁ ውስጥ አለቀሰ፤ አረንጓዴው ዓይኖቹ ላይ ረጥቦ ጠቆረ።

እናቱ አቀፈችው። "ያንን ዳይሬክተር እግዜር የሥራውን ይስጠው" አለች።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ቃሪያ ተነስቶ ሮጠና መግቢያው ላይ ከበረኛው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠመ። በረኛው ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ በቃሪያ ትከሻ ላይ አንገቱን አሰገገ።

"እትዬ፣ እንዳዘዙኝ አውቶቡሱ እስኪወጣ ድረስ ዘግቼ ቆይቻለሁ፤ ለልጅዎም ትንፍሽ አልልም።"