ፍል ውሃ ወይስ ገመድ

መምረጥ አልችልበትም። ወንድሜ አሻግሬ የግቢውን በር ምን ቀለም ላስቀባው ብሎ ቢያማክረኝ፣ ሰማያዊ አልኩት፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ጣል አድርግበት። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቹ "ታክሲው ሞልቷል ወይስ ቦታ አለ?" እያሉ ነበር የሚያንኳኩበት።

አንድ ነገር ግን እችልበታለሁ። መርዶ። አቃቂ፣ በእኛ ሰፈር፣ ዘመድ የሞተበትና ያልሰማ ሰው ካለ "አለሚቱን ጥሯት" ነው የሚባለው። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ በዚህስ ዲግሪ አለኝ። ስልኩ እንዳይጮህበት ሰበብ ፈልጌ እቀበለዋለሁ፤ ሆዱ ባዶ እንዳይሆን አበላዋለሁ፤ እያሳቅሁ እወስድና ሰው መሃል አስቀምጠዋለሁ። አንድም ቀን ቀድሞ የነቃብኝ የለም።

ታዲያ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ገና አዲስ ሳለ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት አስቴር መጣች። የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ ናት፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው ቤቷ፤ ያለ ጉዳይ አትመጣም።

"እማማ፣ የዳሲቱ ወንድም አዳማ ላይ አርፏል። ቀብሩ ነገ ነው፣ እሷ አልሰማችም። የደም ግፊቷን ያውቁታል፤ ያለ እርስዎ አይሆንም።"

ዳሲቱ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀምሮ አብረን ነው ያረጀነው። ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን ሴት የእናቷን ሞት በስልክ ሰምታ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። ዳሲቱም እንዲያ እንዳትሆንብኝ ፈራሁ። አልቅሼ አልቅሼ አይኔን ጠረግሁና "ሽርሽር እንበላት" አልኩ። አየሽ፣ ብልጠቴ!

ዳሲቱ ቤት ገባን። አስቴር ስልኳ ላይ ፎቶ ከፈተችልን። አንደኛው የሶደሬ ፍል ውሃ ነው፣ እንፋሎቱ ይታያል። ሌላው ቢሾፍቱ፤ ሐይቁ ላይ ገመድ ተወጥሮ አንድ ጎረምሳ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሎ ይንሸራተታል።

"ይሄ ሐይቅ ድሮ እሳት የሚተፋ ተራራ ነበር" አለች አስቴር።

"አሁን ደግሞ ሰው ይተፋበት ጀመር?" አልኩ።

"እኔ ገመዱን ነው የምመርጠው" አለች ዳሲቱ።

"አንቺ? ገመዱ ይበጠስና ሐይቁ ገንፍሎ ቢሾፍቱን ያጥለቀልቃታል!"

"አንቺስ ፍል ውሃ ብትገቢ ምን ሊወጣሽ? የአጥንት መረቅ!"

ሳቅን። እኔ ግን በልቤ ስሌት ላይ ነኝ። ግፊት ያለባት ሴት ገመድ ላይ ተንጠልጥላ፣ ከዚያ ወርዳ መርዶ? አይሆንም። የሶደሬ መንገድ ደግሞ በአዳማ ነው የሚያልፈው።

"ፍል ውሃው ይሻላል፤ ለጉልበት ፍቱን ነው" አልኩ።

"ጉልበቱን የታመመው ማን ሆነና?" አለች ዳሲቱ። ትኩር ብላ አየችኝና "እሺ፣ ላንቺ ስል" አለች። አይኗ እንባ አቀረረ። ሽርሽር ካየች ስንት ዘመኗ ነው፣ ደስታ ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ባለሱቁ ሀይረዲን ሚኒባሱን ይዞ ከደጅ ቆመ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከፎጣው ስር፣ ለዳሲቱ የሚሆን ጥቁር ነጠላ ደብቄያለሁ። አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እማማ፣ ስልክዎን ይስጡኝ። የእሷን ብቻ ብቀበል ትጠረጥራለች።"

"ተባረኪ፣ ከእኔ ተምረሻል!" ብዬ ሰጠኋት።

መኪናው ውስጥ ዳሲቱን መሃል ላስቀምጣት ስል፣ "ንፋስ ይመታዎታል" ብላ አስቴር እኔኑ መሃል ሸጎጠችኝ። ለጥብስ ብለን በአሮጌው መንገድ ሄድንና ዱከም ወረድን። ዳሲቱ ምግቡን ትነካካዋለች እንጂ አትበላም።

"እርስዎ ደህና አድርገው ይብሉ፣ እርስዎን አይታ ትበላለች" አለችኝ አስቴር በሹክሹክታ።

በላሁ። ለጓደኛ ሲባል የማይደረግ የለም፣ ትሪውን አጸዳሁት! ዳሲቱም በላዩ ላይ ታጎርሰኛለች፤ አንዱን ሳልውጥ ሌላ ትጠቀልላለች። ፍቅሯ ነው አልኩ።

ቢሾፍቱ ስንደርስ "ገመድሽ ያውልሽ፣ ተሰናበቺው!" አልኳት። ስለ እድር፣ ስለ ወጣትነታችን፣ ስለ ፋብሪካው አለቃ ያልቀለድኩት የለም። ሀይረዲን ወትሮ በእኔ ቀልድ የሚንከተከተው ልጅ አንዴም ጥርሱን አላሳየኝ። ቀልዴም እንደ እኔ ጃጀ ማለት ነው።

አዳማ ስንቃረብ ለአስቴር ሹክ አልኳት፤ "ለቅሶው ሲረጋጋ ወንድሜ ጋ ብቅ እንላለን። እዚህ ድረስ መጥቼ አሻግሬን ሳላየው ብሄድ ይቀየመኛል።"

"እንሄዳለን፣ እማማ" አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ከተማው ውስጥ ገብተን መታጠፍ እንደጀመርን ዳሲቱ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ጀመር። ነቃች! ድንኳኑን ካየችው አለቀላት ብዬ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ለጠፍኩና ሁለታችንንም በነጠላዬ ሸፈንኩ።

"አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ" አልኳት።

"እኔም አለሁልሽ" አለች። ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

መኪናው ቆመ። ከውጭ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል። ነጠላዬን ሳልገልጥ እጄን ወደ ቦርሳው ሰደድኩና ጥቁሩን አወጣሁ፤ ትከሻዋ ላይ ላለብሳት። ዳሲቱ ከእጄ ተቀበለችኝ። ቀስ ብላ ዘረጋችውና የእኔ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

ያኔ ቀና አልኩ።

ከድንኳኑ ጀርባ ያለው በር ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አለው።