የጨለማው ቤት በር

ዓይኗን ጨፍና፣ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ ወደ ኋላ ትዞራለች። በሩ እዚህ መኖር ነበረበት። ይህን የስልክ ጨዋታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር የሠራችው ራሷ ናት። ጨለማ ቤት ነው፤ ሥዕል የሚባል ነገር የለውም፣ ተጫዋቹ ድምፅ እየተከተለ ነው የሚሄደው። ፈርቶ መውጣት ያሰኘው ሰው ግን፣ የትም ይድረስ የት፣ ዞር ሲል በሩ ከኋላው ሲጢጥ ሲል ይሰማዋል።

አሁን አይሰማም። ከኮሪደሩ ጫፍ የሚጎተት እግር እየቀረበ ነው። የወንድሟ እግር መሆኑን ታውቃለች፤ አሮጌ ጫማ እየጎተተ ድምፁን ሲቀዳ አጠገቡ ቆማ ሆዷን ይዛ ስቃለች። ያም ሆኖ ፀጉሯ ይቆማል። እግሩ ጀርባዋ ጋ ደርሶ ቀጥ ይላል። ከዚያ አንዲት ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ "ለመውጣት በሩን ይግዙ" ትላታለች።

ክው ብላ ማዳመጫውን ታወልቃለች። ክፍሉ ጸሐይ ሞልቶታል። ጨዋታውን ሊያከፋፍል የመጣው የኩባንያ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል።

"እንዴት ነው ያሻሻልነው?"

"በሩን ወሰዳችሁት።"

"አልወሰድነውም፤ ተጫዋቹ በጣም በሚፈራበት ሰዓት እንዲመጣለት ነው ያደረግነው። የፈራ ሰው አያመነታም፣ እህቴ። በዚህ ከተስማማን ጨዋታችሁ የማይገባበት ስልክ አይኖርም። በእናንተ መንገድ ከሆነ ግን..." ዓይኑን ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ያንከራትታል። ደመወዝ ሲቋረጥ ሠራተኞቻቸው አንድ በአንድ ሄደዋል።

ወንድሟ የሞቀ የሬዲዮ ሥራውን ጥሎ የመጣው እሷን ብሎ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። አሁን አጠገቧ ተቀምጦ፣ አቀርቅሮ ጥፍሩን ይነክሳል።

"ጋሼ፣ እስቲ አንተም ስማው።"

ማዳመጫውን ያጠልቃል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ኋላው ይዞራል፣ ደግሞ ይዞራል። ከንፈሩ ሲደርቅ ታያለች። ሲያወልቀው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

"በእኔ እግር ነው እንዴ ሰው የሚዘረፈው?"

"ዝርፊያ አይባልም" ይላል ሰውየው። "ወዶ ነው የሚከፍለው።"

"ወዶ አይደለም" ትላለች እሷ። "እዚያ ቤት የሚገባ ሰው እኛን አምኖ ነው ዓይኑን የሚጨፍነው። አንፈርምም።"

ይቆጣል ብላ ትጠብቃለች። አይቆጣም። ኮምፒውተሩን ወደ ቦርሳው እየከተተ እንደ በሽተኛ ያያታል፤ ይሄ ይብስ ያስፈራታል።

"እኔ ተመልሼ አልመጣም" ይላል። "ሌላም የሚመጣላችሁ አይመስለኝም። እግዜር ይርዳችሁ።"

ሰውየው ሲወጣ ወንድሟ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።

"ለሚስቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

ልትነሳ ብላ እጇን ከጠረጴዛው ላይ ታነሳለች። ተደግፋው የነበረው የጠረጴዛ መስታወት ላይ ላቧ የሁለት መዳፍ ቅርጽ ትቷል። ወንድሟም ያየዋል። ሁለቱም እያዩት፣ ከጣቶቹ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ይደርቃል።