የተውሶ መቀስ

እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ ሴትዮዋ ግን የታዘዘችውን የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ገና አልጨረሰችም። የአደይ አበባ ማኅተሟን ከአሮጌ ጫማ ሶል የቀረጸላት የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ልጇ ነው። ቢጫ ቀለም እያስነካች ወረቀቱ ላይ ጫን ስታደርገው አበባው ፍንትው ይላል። የመጀመሪያውን ካርድ ለእሱ አስቀምጣለታለች፤ ከጅቡቲ ሲመለስ ትሰጠዋለች።

ጎረቤቷ አስካለ በማለዳ ገባችና፣ «እትዬ፣ መቀስዎን ያውሱኝ» አለቻት።

«እኔስ በምን ልቆርጥ ነው?» ብትላትም ይዛው ወጣች።

ጥቂት ቆይታ የዕድሜ እኩያዋ ድንቄ መጣች። ወረቀት መሰንጠቂያ ምላጩን አንስታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። የዱቄት ሙጫ የተጣደበትን የከሰል ምድጃም ሳታስፈቅድ ወደ ደጅ አወጣችው።

«ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ሊያስፈታኝ ተማምሏል እንዴ?» ብላ ተቆጣች።

«መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አለቻት ድንቄ፣ ይዛው የመጣችውን ሳህን እያስጠጋችላት።

ሳትወድ በግድ ጎረሰች። አስካለ ተመልሳ ገባች፤ መቀሱ ግን በእጇ የለም። መጥታ በቀኟ ተቀመጠች፤ ድንቄ ደግሞ በግራዋ ተጠጋች። ደጅ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

ሴትዮዋ ማኅተሙን እንደያዘች ምላጩ የነበረበትን ቦታ አየች። አምና ድንቄን የባሏን ሞት ሊያረዷት ሰው ሲሰበሰብ፣ ቀድማ ገብታ «ቢላዋሽን አውሺኝ» ያለቻት እሷ ራሷ ነበረች።