ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን

ያን ዓመት ብርዱ ሲገባ የክር ፋብሪካው ተዘጋ። ሸሃታ ከሥራ ወጣ፤ ሚስቱ ነጃት አልጋ ያዘች። መጀመሪያ ሬዲዮው ተሸጠ፣ ቀጥሎ ምንጣፉ፣ ቀጥሎ የጋዝ ምድጃው። ማታ ማታ ስድስተኛ ፎቅ የምትኖረው ኢትማድ ሳህን በፎጣ ሸፍና ትወርድና ሳታንኳኳ የበራቸው ደፍ ላይ አስቀምጣ ትመለስ ነበር።

በሰፈራቸው በሹብራ ምግብ ይዞ የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ነጃት መጀመሪያ ሽንኩርትም፣ እፍኝ ምስርም እያደረገች መለሰች። በኋላ፣ ጠርዙ የተሸረፈው ሳህን ሲመጣ፣ የሚደረግበት ነገር ጠፋ። በዚያው ሳምንት ለማንም ሳይነግሩ ቤቱን ለቀቁ። ሳህኑ አብሯቸው ሄደ። ነጃት እስክትሞት ድረስ አልበላችበትም። እያጠበች ቁም ሳጥኑ ላይ ትመልሰው ነበር።

አሁን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሸሃታ ያንን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ በዚያው ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ቆሟል። ሐምሌ ነው፤ ረመዳን ነው። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል ተንጠልጥሏል። ከፊቱ የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። ከራሱ በላይ ብቻ፣ በብረቱ በር አናት፣ የአራተኛ ፎቅ ወለል እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ጉልበቱ ይጠዘጥዘዋል፤ ሳህኑን ይዞ መቀመጥ ግን አይችልም።

ሳህኑ ላይ ሩዝ በወይን ቅጠል ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ራሱ ነው የጠቀለለው፤ ግማሹ ተፈትቷል። ጾመኛ ስለሆነ ጨውን አልቀመሰም።

ማፍጠሪያው ስለተቃረበ ከየቤቱ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ከተማ፣ ደረጃው ላይ ግን አንድ ሰው የለም። መጣራት አፈረ። ቢጣራ ማን ነህ ይሉታል። በመጨረሻ አየሩ ሲያጥረው ብረቱን በክርኑ መታ።

በር ተከፈተ። «ማነው እዚያ ውስጥ?»

«ሰው ነኝ።»

«ሰውማ መሆንህ ይገባኛል። ዶሮ አሳንሰር አይሳፈርም።»

የስልክ መብራት ቁልቁል ወረደና የሸሃታ ነጭ ጢም ላይ አረፈ። ከላይ ያለው ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። «ውይ፣ ይቅርታ አባባ! የሁለተኛ ፎቁ ጎረምሳ መስለውኝ እኮ ነው።»

ሰውየው ኻሚስ ይባላል፤ የታክሲ ሹፌር ነው። በካናቴራ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። ሚስቱ ሰኒያ ከኋላው መጣች። ዘበኛው ኢድሪስ እያለከለከ ወጥቶ የአራተኛ ፎቁን በር በቁልፍ ከፈተ። ክፍተቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

«በእጅ አታወርደውም?» አለችው ሰኒያ።

«የሚዞረው ብረት ተሰብሯል። ለባለቤቱ ነግሬያለሁ።»

«ለባለቤቱ ነግሬያለሁ ማለት አንተ ዘንድ ሰላምታ ሆኗል።»

«እንግዲህ መብራት እስኪመጣ ነው» አለ ኻሚስ። «በዚህ እንኳን እርስዎ፣ ድመትም አታልፍም።»

«እኔን ተዉኝ» አለ ሸሃታ። «ይሄን ሳህን አድርሱልኝ። ስድስተኛ ፎቅ፣ ለእትዬ ኢትማድ። ብቻዋን ሳታፈጥር።»

ባልና ሚስት ተያዩ። «አሮጊቷ?» አለች ሰኒያ። «ለማንም አትከፍትም እኮ። ባለፈው ሾርባ ብወስድላት በበሩ ቀዳዳ ሰድባ መለሰችኝ።»

«ማን ላከው ልበላት?» አለ ኻሚስ።

ሸሃታ ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። «ሳህኑን ስጣት።»

በእግሩ ጣት ቆሞ ሳህኑን ከራሱ በላይ አነሳ። ሳህኑ ዘንበል አለ። አንድ ጥቅል ወድቆ ትከሻው ላይ አረፈ። የኻሚስ እጆች በክፍተቱ ገብተው ሳህኑን ተቀበሉ።

«ሁለት ፎቅ ደረጃ፣ በዚህ ጥማት!» አለ ኻሚስ። ይህን ሲል ግን ደረጃውን ጀምሮት ነበር።

ሰኒያ ወደ ቤቷ ገባች። ስትመለስ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ዳቦ፣ ባቄላ፣ ተምር ደረደረች። ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቶ አያት።

«ምን ታያላችሁ? አምጡ እንጂ! ሰው ጉድጓድ ውስጥ ትተን ልንበላ ነው?»

አንዱ ሻማ፣ ሌላው ድስቱን እንዳለ ይዞ ወጣ። ሸሃታን የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረም።

መብራት ስለሌለ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ብሏል። ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ሊያዳምጥ የወረደው ኢድሪስ ከታች ጮኸ፦ «አዛን ብሏል! ብሏል!»

ሰኒያ በሆዷ ተኝታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቁልቁል ዘረጋች። እሷ ራሷ ገና አልጠጣችም። ሸሃታ ተቀበለና እንደያዘው ቆመ።

«ይጠጡ እንጂ አባባ። ምን ይጠብቃሉ?»

ሸሃታ ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ።

ኻሚስ እያለከለከ ወረደ። «ከፈተች።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ ሰደበችኝ። ከዚያ ሳህኑን ሰጠኋት። ጠርዙን በጣቷ ስትዳብስ ስትዳብስ የተሸረፈው ቦታ ላይ ቆመች። ‹ዘገየ› አለች። በቃ።»

ሸሃታ ራሱን ደፋ። «በሩን ዘጋችው?»

«አልዘጋችውም። ‹ውስጥ ይጨልማል፣ ወንበሬን አውጣልኝ› አለችኝ። አሳንሰሩ በር አጠገብ ተቀምጣለች፣ እዚያ ላይ።»

ሸሃታ ቀና አለ። ከላይ፣ በአሳንሰሩ ጣሪያ ሽንቁር፣ ጨለማና ገመድ ብቻ ይታያል። በጨለማው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ቁልቁል መጣ።

«ጨው አንሶታል!»

ምንጣፉ ላይ ሰው ሳቀ። ሰኒያ ዝም አሰኘችው።

ከዚያ ማንኪያ ሳህን ነካ። ደግሞ ነካ። ያኔ ሸሃታ ውሃውን ጠጣ።

መብራቱ አልመጣም። ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ አዳመጠ። ከላይ፣ ቀስ እያለ፣ ማንኪያው የሳህኑን ባዶ ወለል ይፍቅ ጀመር።