ባለችበት የምትረግጥ ባዝራ

«አትናገር!» ይላሉ አሰልጣኟ ከመጋለቢያው አዳራሽ መሃል።

«ቼ!» የምትለው ቃል አምልጣኝ ነው። ባዝራይቱ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። በኛ አገር ፈረስ በአፍ ይሄዳል፤ እዚህ ግን የሚሄደው በመቀመጫ ነው። የኔ መቀመጫ ደግሞ እስከ ዛሬ ከወንበር በቀር ያዘዘው ነገር የለም።

ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ከታች እርጥብ ሰጋቱራ፣ ከጎን ግድግዳውን ያለበሰ ረጅም መስታወት። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሰውዬ በፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ቦቲው የጎረቤት፣ ሱሪው የሆቴል ወጥ ቤት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ጌታ ይመስላል።

«ትንፋሽህን ልቀቅ።»

«እሺ እትዬ።»

እትዬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቀውኝ ነበር። በኛ ቋንቋ ጄኔራል ማለት ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ብዬ ስጠራቸው አገጫቸው ቀና ይላል።

እሳቸውን እስካገኝ ሁለት አገር አቋርጫለሁ። የመጀመሪያው አገር አሰልጣኝ እንደ ምሰሶ ገትሮ ልጓሙን በሁለት እጄ አስጨበጠኝና «ፈረስ የእጅ ነው» አለ። ሁለተኛው ልጓሙን አስጥሎ «ፈረስ የተረከዝ ነው» አለኝ፤ ተረከዜን ብሰጠው ፈረሱ አጥር ላይ ሰቅሎኝ ሄደ። እኚህ ደግሞ ፈረስ የዝምታ ነው ይላሉ። «አንተን ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ፣ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ «የአባቴ ፈረስ ሲጋልብ ጥላው በማግስቱ ነበር የሚደርሰው» ብዬ አለፍኩት።

አባቴ ፈረስ ገሪ ነው። ነበር ልበል፤ አሁን ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ፈረስ ያለ አለንጋ፣ ቆሞ የሚጨፍርበት አገር አለ ሲሉ ሰምቷል፤ ዘዴውን ሳያውቅ መሞት አይፈልግም። በስልክ «አስጨፈርክ ወይ?» ይለኛል። ዓመት ሙሉ «አዎ አባዬ፣ ትናንት እንኳ አስጨፍሬያለሁ» ስለው ከረምኩ፤ ሳህን እያጠብኩ። «እንዴት አድርገህ?» ሲለኝ መስመሩ ይቆረጣል። የምቆርጠው እኔ ነኝ። ድምፁ በየሳምንቱ እየሳሳ ነው። እሱ ሳያልፍ ውሸቴን እውነት ላድርጋት ብዬ ነው ዛሬ እዚህ የተሰቀልኩት።

ለአሰልጣኟ የቀረቻቸው ፈረስ ይህች ብቻ ናት። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልተቀመጡባትም፤ ዓይናቸውም ፈዟል። «ባለችበት ካስረገጥካት ተማሪዬ ነህ፤ ካልቻልክ መንገዱን ታውቀዋለህ» ብለውኛል።

«አሁን ሁለት እግርህን ጠጋ አድርግ። እጅህ ግን እንዳይለቅ።»

እንዴት ተደርጎ? በኛ አገር ተረከዝ ሂጂ ነው፣ ልጓም ቁሚ ነው። ሁለቱን ባንዴ ማለት እንግዳን ግባ ብሎ በር መዝጋት ነው። ቢሆንም ጠጋ አደርጋለሁ።

ባዝራይቱ ከሥሬ ከፍ ትላለች። የፊት ግራ እግሯን ታነሳለች፤ አየር ላይ ታቆየዋለች፤ ታወርደዋለች። ቀኙን ታነሳለች። አንድ ስንዝር ወደፊት አልሄደችም። መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ አፉን ከፍቷል።

«ይኸው!» ይላሉ አሰልጣኟ። ድምፃቸው ይሰነጠቃል። «ይኸው! እንዲሁ ያዛት!»

እወርዳለሁ።

አስቤ አይደለም። አንገቷ በላብ ርሷል፣ ሳትሮጥ። ጥርሷን ታፋጫለች። አባቴ ደግሞ ከሀ ሁ በፊት ያስቆጠረኝ ይህንን ነው፦ ፈረስ ቆሞ እግሩን ካፈራረቀ መሬቱ እያቃጠለው ነው፤ አትከራከር፣ ውረድ። እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ሰጋቱራው ላይ አረፈ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አሟታል እትዬ።»

እስኪያስላቸው ይስቃሉ። «አንተ ጉደኛ! አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ይህችን እርምጃ እንዲያገኝ ስለፋ ኖሬ፣ አንተ በሽታ ትላታለህ? ዳንሱ እኮ ነው! የመጣህለት እኮ ነው!»

እኔም እስቃለሁ። ፊቴ ግን እሳት ሆኗል። ሁለት አገር አቋርጦ የፈለገውን ነገር ሲያገኝ ሐኪም የሚጠራ እንደኔ ያለ ሞኝ የት ይገኛል?

«ውጣባት፣ ውጣባት። እንደገና።»

እርካቡን እይዛለሁ። ባዝራይቱ ላይ ማንም የለም። ማንም አላዘዛትም። ግራዋን ታነሳለች። ታወርዳለች። ቀኟን ታነሳለች።

የአሰልጣኟ ሳቅ ይቆማል። ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ይመጣሉ፤ እያቃሰቱ ሰጋቱራው ላይ ይንበረከኩና ሰኮናዋን ይዳብሳሉ። እኔም እጄን እሰዳለሁ። በዚህ ብርድ ከምድጃ ላይ እንደወረደ ድስት ይፋጃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላሉ። የጠየቁት እኔን አይመስለኝም።

«ተሳስቼ ነው እትዬ» እላለሁ። «እኛ ዳንስ የት እናውቃለን? ብቻዋን የረገጠችው ሳላስጠነቅቃት ስወርድ ደንግጣ ነው፤ የቅድሙ ግን ዳንስ ነው። ያውም አንደኛ ዳንስ። ሰኮናዋም ቢሆን ከመርገጥ ብዛት ነው የሞቀው፤ የአባቴ ፈረስ እኮ ሰኮናው ላይ ቆሎ ይቆላበት ነበር።»

ዕድሜ ልኬን ዋሽቻለሁ፤ እንደዛሬው ግን ተጠንቅቄ ዋሽቼ አላውቅም።

አሰልጣኟ ቀና ብለው ያዩኛል። ፈዛዛው ዓይናቸው ፊቴን ፈልጎ እስኪያገኘው ጊዜ ይወስድበታል።

«ተማሪዬ ነህ» ይላሉ። «ፈረስ ግን የለኝም።»

ከዚያ የፈረሷን ግራ እግር አንስተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። ባዝራይቱ አንገቷን ታወርድና ያን ሁሉ ክብደቷን ቀስ ብላ ትከሻቸው ላይ ታሳርፋለች። ዳሌ ሰባራዋ ሴትዮ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ይይዟታል፤ እጃቸው ንቅንቅ አይልም።