የጄኔራሉ ምሳ

«እማዬ፣ ጄኔራሉ ወደ ጦርነት ሊወጣ ሲል ለምን ብቻውን ይበላል?» ብሎ ቢንያም እናቱን ፀዳልን ይጠይቃት ነበር። ልጇ ወጥ ቤት በለጠፈው ሥዕል ላይ የጃፓኑ ሳሙራይ ጄኔራል የብረት ጥሩሩን ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ ጦር ሠራዊቱ ከኋላው ቆሞ ይጠብቀዋል።

በኋላ ቢንያም አሜሪካ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለውን የእናቱን አፓርታማ ለቆ ለሥራ ሌላ ስቴት ገባ። ፀዳል ምሳዋን ስታቀርብ፣ ሰው እያየ ዝም ብሎ መብላት ነውር ነውና፣ ሥዕሉን «እንብላ» ትለው ጀመር።

ዛሬ ቢንያም ደወለ።

«በላሽ እማዬ? ብቻሽን ነሽ?»

«ከጄኔራልህ ጋር ነኝ። ለምን ብቻውን እንደሚበላ አሁን ገባኝ፤ እንብላ የሚለው አጥቶ ነው።»

«ታዲያ አጉርሺው» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ዘግታ ስትዞር፣ እንጀራው በወዲያኛው በኩል ተቆርሷል፤ የቢንያም ወንበርም ወደ ገበታው ተስቧል። ቀና ብላ ሥዕሉን አየች። በርጩማው ባዶ ነው። ጦሩ ሄዷል፤ ጄኔራሉ ግን እሷ ጋ ቀርቷል።