ለሽያጭ የተወለወለች መኪና

ቅዳሜ የልጇን አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይመጣል። እናትየዋም ሶማሌ ተራ ካለ የመኪና ዕቃ ሱቅ ገብታ፣ የፖሊሽ ስፖንጆቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች ባለሱቁን አደከመችው።

«ማዘር፣ ሻካራው ጭረት ያጠፋል፤ ለስላሳው ያበራል» አላት። «ለሽያጭ ከሆነ ግን ባይነኳት ይሻላል። አሮጌ መኪና እንደ መስታወት ካበራች፣ ገዢ ተጋጭታ የተቀባች ይመስለውና ይሸሻል።»

«ሲሸሽ አይተሃል?»

«ስንቱን!»

ጥቂት አሰበችና ሻካራውንም ለስላሳውንም ከነፖሊሻቸው አስጠቀለለች።

«የእናት ነገር፤ ምክር አይሰሙም» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ፊት ታሳይ ነበር። ገዢው ዞሮ ዞሮ አያት፤ በሯን በጣቱ አንኳኳና «ይቺማ የተቀባች ናት» ብሎ ሄደ። ማንም ሊመልሰው አልቻለም።

ልጇ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው ባትነኪያት ኖሮ፣ እማዬ? ዛሬ ለደላላው ካልከፈልኩ የሰፈር ልጆቹ በበረሃው ወደ ሊቢያ ያለ እኔ ነው የሚሄዱት።»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አለችና፣ ፖሊሽ ያልደረሰበትን የኋላ መብራት መወልወል ጀመረች።